ወጣት ቼሊስት ከሽልማት በኋላ፦ ውል ይቅደም ወይስ ትምህርት?

ጥያቄ፦ «21 ዓመቴ ነው። ቼሎ (ተቀምጠው በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) የጀመርኩት በ7 ዓመቴ ሲሆን አሁን የኮንሰርቫቶሪ (የከፍተኛ ሙዚቃ ትምህርት ቤት) የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ በአንድ ዓለም አቀፍ ውድድር ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ የኮንሰርት ወኪል በሚቀጥለው ዓመት 25 ኮንሰርት ሊያዘጋጅልኝ እንደሚችል ገልጾ የ3 ዓመት ውል ላከልኝ። መምህሬ ደግሞ ማስተርሴን እንድቀጥልና የኦርኬስትራ ቅጥር ፈተናም እንድሞክር ይመክሩኛል። ይህ ዕድል ካለፈኝ ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ ለሽልማቱ እንኳን ደስ ያለሽ። ቼሎ በማስተማርና በውድድር ዳኝነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የመጡ ብዙ ወጣቶች ስላጋጠሙኝ፣ ሐሳቤን ሳላድበሰብስ አስቀድሜ ልናገር፦ ውሉን አሁን ባለበት መልኩ አትፈርሚ፤ ማስተርስሽን ጀምሪ፤ ከ25ቱ ኮንሰርቶች 8 ወይም 10 ያህሉን ብቻ ተቀበዪ። ምክንያቴ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ግብዣ የሚያመጣልሽ ሽልማቱ ነው፤ ሁለተኛውን ግብዣ የሚያመጣልሽ ግን መድረክ ላይ የተሰማው አጨዋወትሽ ብቻ ነው። የሙዚቀኛ ኑሮ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ግብዣ ስለሆነ፣ እነዚህን የመጀመሪያ ዓመታት ማቀድ ያለብሽ ሁለተኛውን ግብዣ እያሰብሽ ነው።

ሽልማት የሚያገለግልበት ጊዜ አጭር መሆኑን መገንዘብ ይገባል። የቻይኮቭስኪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀመር ቼሎ አልነበረበትም፤ ቼሎ የተጨመረው በ1962 ሲሆን የመጀመሪያዋ አሸናፊ ናታሊያ ሻኮቭስካያ ነበረች (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የብራስልሱ የንግሥት ኤልሳቤጥ ውድድር ቼሎን ያካተተው ገና በ2017 ነው። እንዲህ ያሉ ውድድሮች በበዙ ቁጥር በየዓመቱ አዳዲስ ተሸላሚዎች ይወጣሉ፤ ያንቺ ውድድርም በተከታዩ ዙር የራሱን አዲስ ተሸላሚ ያስተዋውቃል። የኮንሰርት አዳራሽ ኃላፊ አንድን ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ የተሸላሚዎችን ዝርዝር አይቶ ይጠራል። ለሁለተኛ ጊዜ ከመጥራቱ በፊት ግን የኦርኬስትራውን መሪና ተጫዋቾቹን ይጠይቃል፦ ተዘጋጅታ መጣች? ልምምድ ላይ ሌሎችን ትሰማለች? መሪው ቴምፖውን (የሙዚቃውን ፍጥነት) ሲቀይር አብራ ሄደች? እኔ ዳኛ በሆንኩባቸው ጊዜያት ሁሉ እንዳየሁት፣ ሦስተኛና አራተኛ የወጡ ወጣቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ስላስገኙ ከአንደኛው ቀድመው ሄደዋል።

ስለዚህ ከውሉ በፊት አንድ ወረቀት አውጪና አንድ ነገር ጻፊ፦ በአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ብቻ ከኦርኬስትራ ጋር ልትጫወቻቸው የምትችያቸው ኮንሰርቶዎች (ብቸኛ ተጫዋች በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚያቀርባቸው ሥራዎች) የትኞቹ ናቸው? የተማርሻቸውን አላልኩም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብትጠሪ በእርግጠኝነት መድረክ ላይ የምታቀርቢያቸውን ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎቼ ይህን ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ላይ ይቆማሉ፦ የሃይድን ሲ ሜጀር፣ የሴን-ሳንስ የመጀመሪያው፣ የኤልጋር፣ አልፎ አልፎ የድቮርዣክ። ለውድድር ሦስት ኮንሰርቶ በቂ ሊሆን ይችላል። ለ25 ኮንሰርት ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙን የሚመርጠው ኦርኬስትራው እንጂ አንቺ አይደለሽም። አንዱ ሹማንን ይፈልጋል፣ ሌላው የሾስታኮቪችን የመጀመሪያ ኮንሰርቶ፣ ሌላው ደግሞ የቻይኮቭስኪን የሮኮኮ ቫሪየሽኖች። ወኪሉ ባንቺ ስም «ትችላለች» ይላል፤ አንቺም በአውሮፕላንና በሆቴል መካከል አዲስ ኮንሰርቶ በጥድፊያ ስታጠኚ ትገኛለሽ።

አንድን ኮንሰርቶ ማወቅ ኖታውን ከማወቅ ምን ያህል እንደሚለይ በምሳሌ ላሳይሽ። የኤልጋር ኮንሰርቶ የሚከፈተው ቼሎው ለብቻው በሚያሰማቸው ከባድ ኮርዶች (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች) ነው፤ ለመፍራት እንኳ ጊዜ የለሽም። በሴን-ሳንስ የመጀመሪያ ኮንሰርቶ ኦርኬስትራው አንድ አጭር ኮርድ ይመታል፣ አንቺም ወዲያው ትገቢያለሽ። በድቮርዣክ ግን ኦርኬስትራው ሁለቱንም ዜማዎች ከዳር እስከ ዳር እያሰማ ከ3 ደቂቃ በላይ አንቺ በሰው ሁሉ ፊት ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጣቶችሽ ይቀዘቅዛሉ፣ የመብራቱ ሙቀት የክሮቹን ቅኝት ያዛባል፣ ልብሽ ከኦርኬስትራው ፈጥኖ ይመታል። ከዚያ ሁሉም ቀድሞ የሰማውን ዜማ አንቺ የራስሽ አድርገሽ ማሰማት አለብሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወቱት ወጣቶች በዚህ መግቢያ ላይ ብዙውን ጊዜ ቀስቱን ክሩ ላይ ይጫኑታል፤ ድምፁም ከመክፈት ይልቅ ይታነቃል። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን መጠበቅን አለመለማመድ ነው። ተማሪዎቼ ቤት ውስጥ የኦርኬስትራውን መግቢያ በቅጂ እየሰሙ፣ ቼሎውን ይዘው፣ ቀስቱን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ ምንም ጣት ሳያሞቁ እንዲጠብቁና በቀጥታ እንዲገቡ አደርጋለሁ። ደጋግመው ሲሠሩት ትከሻቸው ከመግባታቸው በፊት መውረድ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ነገር የሚበስለው አንድን ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ፣ በመካከሉ የማሰቢያ ጊዜ እያገኙ ሲያቀርቡት ነው።

«ዕድሉ ካለፈኝ አይመለስም» የሚለውን ስጋትሽን አቅልዬ አላየውም። ነገር ግን የታላላቆቹን ቼሊስቶች የመጀመሪያ ዓመታት በጥንቃቄ ብታይ ሌላ ነገር ታገኛለሽ። ፓብሎ ካሳልስ የባክን የቼሎ ስዊቶች (ለብቸኛ ቼሎ የተጻፉ ባለ ብዙ ክፍል ሥራዎች) ኖታ በባርሴሎና በአንድ የቆዩ ኖታዎች መሸጫ ያገኘው በ1890፣ በ13 ዓመቱ ነው። አንዱን ስዊት ሙሉውን በሕዝብ ፊት ለመጫወት ድፍረት ያገኘው ግን ወደ 12 ዓመት ገደማ በየቀኑ ከሠራው በኋላ ሲሆን፣ ሁሉንም ያስቀረጸው ከ1936 እስከ 1939፣ ዕድሜው ወደ 60 በተጠጋ ጊዜ ነው። ዣክሊን ዱ ፕሬ በ1961 በ16 ዓመቷ በለንደኑ ዊግሞር ሆል የመጀመሪያ ኮንሰርቷን አቀረበች፤ በዓመቱ ኤልጋርን በሮያል ፌስቲቫል ሆል ተጫወተች፤ በ1965 ከኦርኬስትራ መሪው ባርቢሮሊ ጋር ያስቀረጸችው ኤልጋር ደግሞ እስከ ዛሬ የምንመለስበት ነው። እንግዲህ ይህችው ተጫዋች ያን ቅጂ ካደረገች በኋላ በ1966 ወደ ሞስኮ ሄዳ ከታላቁ ቼሊስት ሮስትሮፖቪች ዘንድ እንደ ተማሪ ተቀመጠች። ይህን በወጣትነቴ ሳነብ በጣም ነበር የገረመኝ፤ አሁን ግን ዋናው የጥበቧ ምልክት እርሱ ይመስለኛል።

ዮዮ ማ ገና በልጅነቱ በታላላቅ መድረኮች የታየ ቢሆንም ሃርቫርድ ገብቶ በ1976 ተመረቀ፤ የኤቨሪ ፊሸርን ሽልማት ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1978 ነው። አሊሳ ዋይለርስታይን በ1995 በ13 ዓመቷ ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር ተጫውታ፣ በ2004 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ዲግሪዋን ይዛ ወጣች። ሼኩ ካነህ-ሜሰን በ2016 በ17 ዓመቱ የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር በሾስታኮቪች የመጀመሪያ ኮንሰርቶ አሸነፈ፤ በ2018 በእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ሠርግ ላይ ሲጫወት በመላው ዓለም በቴሌቪዥን የታየውም በለንደኑ ሮያል አካዳሚ ኦቭ ሚውዚክ ተማሪ ሳለ ነው። በተቃራኒው አማኑኤል ፎየርማን በ1919፣ በ16 ዓመቱ፣ በኮሎኝ የቼሎ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን መካድ አይቻልም። ለአንቺ ውሳኔ ግን መለኪያ መሆን ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ የሚያመሳስላቸውም ጥሪው ከመጣም በኋላ መማርን አለማቋረጣቸው ነው።

አሁን ስለ ሰውነትሽ ልናገር፤ ይህን የምጽፈው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። በ24 ዓመቴ በአንድ የኮንሰርት ወቅት ከ30 በላይ ዝግጅቶችን ተቀበልኩ። በሦስተኛው ወር የግራ ክንዴ ከክርን እስከ አንጓ ማመም ጀመረ። ሕመሙን ከመምህሬም ከአዘጋጆቹም ደበቅኩ፤ ጠዋት ጠዋት እጄን በሞቀ ውኃ እየነከርኩ እጫወት ነበር። በመጨረሻ ትንሿ ጣቴ ክሩን መያዝ እስኪያቅታት ደረሰችና ለአምስት ወር ቼሎ ሳልነካ ቀረሁ። የሰረዝኳቸውን ኮንሰርቶች ሌሎች ተጫወቷቸው፤ ከአዘጋጆቹም ብዙዎቹ ዳግመኛ አልጠሩኝም። ስለዚህ ከልምምድ በኋላ የሚሰማሽ ድካም በማግስቱ ጠዋትም ሕመም ሆኖ ከጠበቀሽ በዚያው ቀን ልምምዱን አቁሚና የሙዚቀኞችን ጉዳት የሚያውቅ ሐኪም አማክሪ። በየ45 ወይም 50 ደቂቃው ከልምምድ ተነሺ። የግራ እጅሽንም በዚህ ዘዴ ፈትሺ፦ አንድ ስኬል (በቅደም ተከተል የሚወጡና የሚወርዱ ኖታዎች) በዝግታ እየተጫወትሽ አውራ ጣትሽን ከቼሎው አንገት አላቅቂው። ድምፁ ካልተለወጠ አውራ ጣትሽ እስከ ዛሬ በከንቱ ሲጫን ነበር ማለት ነው። ጣቶችን ክሩ ላይ የሚያሳርፈው የክንዱ ክብደት እንጂ የአውራ ጣቱ መጭመቅ አይደለም፤ በ25 ኮንሰርት ጫና ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚመለሰው ይህ መጭመቅ ነው።

ወደ ውሉ ልመለስ። ወኪሉ ሐቀኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ወኪልም ለአንድ ሙዚቀኛ ትልቅ ድጋፍ ነው። ይሁንና «ሊያዘጋጅልኝ እንደሚችል» በሚለውና «ያዘጋጃል» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በውሉ ውስጥ የተጻፈ የኮንሰርት ቁጥር ከሌለ 25 የሚለው ተስፋ ብቻ ነው። ከ25ቱ ስንቱ ከኦርኬስትራ ጋር፣ ስንቱ ከፒያኖ ጋር እንደሆነ ጠይቂ፤ ስንት የተለያየ ፕሮግራም እንደሚፈልግም ጠይቂ፤ ምክንያቱም 25 ኮንሰርት በሁለት ፕሮግራም አንድ ነገር ነው፣ በዘጠኝ ፕሮግራም ሌላ ነገር ነው። የወኪል ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከክፍያው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሆናል፤ አንቺ ራስሽ ባገኘሻቸው ወይም መምህርሽ ባገኙልሽ ኮንሰርቶች ላይም ድርሻ ይቆረጥ እንደሆነ አጣሪ። ለሌላ ወኪል መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ ካለ በየትኛው አገር እንደሚሠራ ተገልጾ ይሁን። ቼሎ በአውሮፕላን ሲጓዝ የራሱን መቀመጫ ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን ትኬት የሚከፍለው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ክፍያሽ በጉዞ ሊያልቅ ይችላል። ብትታመሚ ስለሚሆነውና ከ3 ዓመቱ በፊት ውሉን ማቋረጥ ስትፈልጊ ስለሚጠበቅብሽ ማስጠንቀቂያም በግልጽ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ፣ ኮንሰርት ሳያመጣ ለማስተዋወቂያ ወይም ለምዝገባ እያለ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ከሆነ ውይይቱን እዚያው ላይ አቁሚ። የሕግ ባለሙያ ሳያየው ደግሞ ማንኛውንም ውል አትፈርሚ።

መምህርሽ ስለ ኦርኬስትራ ፈተና ያሉሽን ብዙ ወጣቶች የሽንፈት ምክር አድርገው ይወስዱታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቼሊስቱ ያኖሽ ስታርከር በዳላስ ሲምፎኒ፣ በሜትሮፖሊታን ኦፔራና ከ1953 እስከ 1958 በቺካጎ ሲምፎኒ የቼሎ ክፍሉ መሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ፒያቲጎርስኪም በ1920ዎቹ በበርሊን ፊልሃርሞኒክ በዚሁ ቦታ ላይ ነበር። ሁለቱም ከዚያ ወጥተው በብቸኛ ተጫዋችነት ዓለምን ዞረዋል። ኦርኬስትራ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ኮንሰርቶን ከውስጥ ሆኖ ይሰማል፤ ብቸኛው ተጫዋች ሲቸኩል አጃቢው ምን ያህል እንደሚቸገር ያውቃል።

ፈተናው ግን የራሱ ዝግጅት አለው። በብዙ የአውሮፓ ኦርኬስትራዎች በመጀመሪያው ዙር የሃይድን ዲ ሜጀር ኮንሰርቶ ይጠየቃል፤ በዚያ ሥራ ውስጥ መደበቂያ የሚሆን ወፍራም ድምፅ የለም። ቀጥሎ ከሲምፎኒዎች የተወሰዱ ቅንጭቦች ይመጣሉ፤ የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛው ክፍል፣ የብራምስ ሁለተኛ፣ የሪቻርድ ሽትራውስ ዶን ሁዋን፣ የደቡሲ ላ ሜር ከማይቀሩት ናቸው። የቤትሆቨኑን ብቻ ልውሰድ። ዜማው ለስላሳና ዝግ ያለ በመሆኑ ተፈታኙ ቀላል መስሎት ስሜት ሊጨምርበት ይነሳል። ዳኛው ግን በቅድሚያ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፦ ነጥብ ያለበት ረጅሙ ኖታ ከአጭሩ ጋር ያለው ጥምርታ ሦስት ለአንድ ሆኖ ይቆያል ወይስ ሁለት ለአንድ ወደሚመስል ልፍስፍስ ምት ይወርዳል? አጭሩ ኖታ በቀስቱ ጠርዝ ተገፍቶ ከሌሎቹ ይጮሃል ወይ? ከመጋረጃ ጀርባ የሚጫወተውን ሰው ማንነት የማያይ ዳኛ ይህን ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይለየዋል። ቅንጭቦቹን ስትለማመጂ የሲምፎኒውን ሙሉ ኖታ ከፊትሽ አድርጊ፤ በዚያ ቦታ ቫዮላዎቹ አብረውሽ ዜማውን እንደሚጫወቱና ባሶቹ ከሥር በጣት እየነጠቁ እንደሚያጅቡ ስታውቂ ምትሽ ራሱ ይስተካከላል።

ከፈተናው በፊት የወጣቶች ኦርኬስትራዎችን ብትሞክሪ ደግሞ መልካም ነው። በ1976 የተመሠረተው የአውሮፓ ኅብረት የወጣቶች ኦርኬስትራና ክላውዲዮ አባዶ በ1986 በቪየና ያቋቋመው የጉስታቭ ማህለር የወጣቶች ኦርኬስትራ ዛሬ በስም የምናውቃቸውን ብዙዎች አሳድገዋል፤ ጎቲየ ካፑሶን በሁለቱም ውስጥ አልፏል። የዕድሜ ገደብ ስላላቸው ይህ በእርግጥ ሊያልፍሽ የሚችል ዕድል ነው፤ የወኪል ውል ግን በ25 ዓመትሽም ሊመጣ ይችላል።

ስለ መሣሪያ በአጭሩ ልበል፤ በውልሽ ተስፋ ተበድረሽ ቼሎ አትግዢ። ሽልማት ላገኙ ወጣቶች መሣሪያ በውሰት የሚሰጡ ፋውንዴሽኖች አሉ፤ የሽልማት ወረቀትሽ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅምሽ ምናልባት እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ካለሽ ለጥሩ ቀስት አውዪው። ቀስት ድምፅን ምን ያህል እንደሚለውጥ ብዙ ተማሪ የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

ማስተርስሽን ስትጀምሪ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አድርጊ፦ በዕድሜ የሚመስልሽ፣ ሐሳቡን ደፍሮ የሚነግርሽ ፒያኒስት ፈልጊ። የቤትሆቨንን አምስት ሶናታዎች (ለፒያኖና ለቼሎ የተጻፉ ሥራዎች)፣ የብራምስን ሁለቱን፣ የደቡሲን የ1915 ሶናታና የሾስታኮቪችን በሁለት ዓመት ውስጥ አብራችሁ ብትሠሩ አብዛኛው የአዳራሽ ፕሮግራም በእጅሽ ይገባል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ፒያኖው አጃቢ አይደለም፤ ቤትሆቨን ራሱ ሥራዎቹን የፒያኖና የቼሎ ሶናታ ብሎ ፒያኖውን አስቀድሟል። ከፒያኒስቱ ግራ እጅ ጋር መተንፈስ የለመደች ቼሊስት ከኦርኬስትራ ጋር ስትቆም ባሶቹን ትሰማለች፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የኦርኬስትራ መሪም የሚፈልገው ይህንን ነው።

ለወኪሉ ደግሞ ዝም አትበዪ፤ በአክብሮት መልሺለት። ማስተርስሽን እንደምትቀጥዪ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 10 ኮንሰርት በሁለት ኮንሰርቶና በአንድ የፒያኖ ፕሮግራም ለመሥራት ዝግጁ እንደሆንሽ፣ ውሉም ለአንድ ዓመት ሆኖ በስምምነት እንዲታደስ እንደምትፈልጊ ግለጪለት። በሥራሽ የሚያምን ወኪል ይህን ይቀበላል፤ ካልተቀበለም ስለ ሥራ መንገዱ ከፊርማ በፊት ማወቅሽ ነው። ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ከላይ ያልኩሽን ዝርዝር ጽፈሽ ለመምህርሽ አሳዪያቸው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆኑትን ሁለት ኮንሰርቶዎች የሚመርጡልሽ እርሳቸው ይሁኑ። በእኔ በኩል አንዱ ሃይድን እንዲሆን እመክራለሁ።